ያልታጠቡት ቱቦዎች

«ድምቢጥ! ኧረ ድምቢጥ! ነይ እንጂ፣ ጀምረዋል እኮ!»

ድምቢጥ ቀና ስትል ራዲዮን አጥሩ ላይ በክርኖቿ ተንጠልጥላ አየቻት። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ትንፋሿም ገና አልተመለሰም።

«ምኑ ነው የጀመረው?»

«የመረብ ኳሱ ምርጫ ነዋ! መምህሩ ነገ አይመቸኝም አለና ዛሬ አደረገው። ለአመቻችነት ያቺን ረጅሟን እየሞከራት ነው። ኳሷን እንደ ፍም ነው የምትነካት፤ አይነፋም በቃ! አንቺ ከሌለሽ ግን እሷን መውሰዱ ነው።»

ራዲዮ ይህን ስም ያገኘችው ትምህርት ቤት ውስጥ የሚወራ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ ከእሷ አፍ ስለሚሰማ ነው። ድምቢጥ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ሁሉ አጭር ናት። ኳስ ስታመቻች ግን እጆቿ ስለሚፈጥኑ ስሙን አልጠላችውም። ይህን ምርጫ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች።

ወደ ኋላዋ ዞረች። ከላሞቹ በረት ጀርባ፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ፓምፑ ያጓራል። ከፓምፑ በላይ የተሰካው የግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ ነው። ጠዋት እታለም፣ ትልቋ እህቷ፣ ከመሄዷ በፊት እዚሁ ቆማ ሁለቴ አስረድታታለች፦

«መርፌው ቢጫው ጋ ሲደርስ ቱቦዎቹ መደፈን ጀምረዋል ማለት ነው፤ ፓምፑን ታጠፊያለሽ። ይህን ቧንቧ ትዘጊያለሽ፣ ያንን ትከፍቻለሽ፤ ንጹሕ ውሃው ወደ ኋላ ገብቶ ቱቦዎቹን ያጥባቸዋል። ከዚያ መልሰሽ ታስነሻታለሽ። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የላትም። ራሷን በራሷ የምታጠፋበትን ማብሪያ እስክገጥምላት ድረስ ብቻ ትተሻት እንዳትሄጂ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ እታለም፤ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ ነበር ድምቢጥ።

አባቷ የወተት ላሞች ያረባል። እበቱ ወደ ባዮጋዝ ጉድጓዱ ይገባል፤ ጋዙ ወጥ ቤት ይነዳል። ራስ ምታት የነበረው ከጉድጓዱ ተርፎ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ነው። ድሮ በቦዩ ይለቀቅና ዝናብ ሲመጣ እስከ ወንዙ ይወርድ ነበር፤ ሽታው ሰፈሩን ይበጠብጣል። እታለም ምህንድስና ተምራ ስትመለስ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እዚያ ቦይ ላይ ነው። «ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም፤ ማዳበሪያ ነው የምታፈሱት! ናይትሮጅኑም ፖታሲየሙም እዚህ ውስጥ ነው» አለች። ከዚያ ወራት ፈጅታ፣ ለምና፣ ተበድራና ራሷ በይዳ ማሽኗን ገጠመች።

ፍሳሹ መጀመሪያ በሽቦ ወንፊት ያልፋል፤ ጭዱና ጠጣሩ እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ ፓምፑ በወፍራሞቹ ቱቦዎች፣ በመጨረሻም በቀጫጭኖቹ ውስጥ ይገፋዋል። የቱቦዎቹን ግድግዳ ሜምብሬን ትለዋለች። «ወንፊት በይው፤ ብቻ ቀዳዳው በዓይን አይታይም» ስትል ነበር ለድምቢጥ ያስረዳቻት። በአንድ በኩል ንጥረ ነገሩ የተጠራቀመበት፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ፈሳሽ ይወጣል፤ አትክልተኞች በብዙ ውሃ አቅጥነው ለችግኞቻቸው ያጠጡታል። በሌላው በኩል ኩልል ያለ ውሃ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያው ቀን አባቷ ያንን ውሃ በብርጭቆ ይዞ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገውና፣ «ከእበት ውሃ የምታወጣ ልጅ ወለድኩ! እንግዲህ ከድንጋይ ወተት የሚያልብልኝ ነው የቀረኝ» አለ። የሰፈሩ ሰው እታለምን «የእበት ኢንጂነር» ይላታል። እሷም አትከፋም፤ «ከናንተ በፊት ላሞቹ ያከብሩኛል» ብላ ትስቃለች።

ዛሬ የሄደችው ስለ ማሽኗ ለከብት አርቢዎች ማኅበር ልታስረዳ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አባላቱ ራሳቸው መጥተው ያያሉ፤ ከወደዱት በየበረታቸው ሊያስገጥሙ ነው። ለዚያ ቀን የፍሳሹ ማጠራቀሚያ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅ ፓምፑ ዛሬ ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት።

«ድምቢጥ፣ ወሰኚ!» አለች ራዲዮ።

«እታለም ትታኝ እንዳትሄጂ ብላኛለች።»

«ባክሽ አታካብጂ! ማሽን እኮ ነው፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አስመሰልሽው። ተጫውተሽ ትመለሻለሽ።»

ፓምፑን አጥፍታ መሄድ ትችል ነበር። ድምቢጥ በኋላ ደጋግማ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ እጇ ማብሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ካጠፋችው ግን ማጠራቀሚያው አይጎድልም፤ ካልጎደለ ደግሞ እታለም መሄዷን ታውቅባታለች። መርፌውን ዳግም አየችው። አረንጓዴ። እጇን ከማብሪያው አነሳች፤ ጫማዋን ቀይራ በአጥሩ ዘለለች።

ኳስ ሜዳው ላይ ሁሉም ነገር እንደ ሕልም ሆነላት። የመጀመሪያዋን ኳስ ስታነሳ መምህሩ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ሁለተኛዋን ስታነሳ «አንቺ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» አላት። ልጆቹ ወደ እሷ ይቀባበላሉ፤ እሷ ወደ ላይ ታነሳለች፤ ራዲዮ ከዳር ሆና ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ጨዋታው ሲያልቅ ስሟ ተጠራ። ከዚያ አንድ ዙር ለደስታ፣ ሌላ ዙር ደግሞ ለብሽሽቅ ተጫወቱ። የመረቡ ጥላ ረዝሞ ሜዳውን ሲያቋርጥ ነው ፓምፑ ትዝ ያላት።

ሮጠች።

የፓምፑ ድምፅ ከመንገዱ ይሰማል። እንደ ጠዋቱ አያጓራም፤ አየር እየማገ ይንተፋተፋል። ስትደርስ ከፓምፑ ወደ ወፍራሞቹ ቱቦዎች የሚሄደው ጎማ ከማሰሪያው ተነቅሎ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ማጠራቀሚያው ባዶ ነው። ግቢው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የጭቃው ጅረት በአሮጌው ቦይ ወርዶ፣ ከአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ ቁልቁል ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሽ መሪ የዓሣ ኩሬ ሄዷል።

ፓምፑን አጠፋች። ጎማውን አንስታ ወደ ቦታው ልትመልስ ስትታገል የግቢው በር ተከፈተ።

«ምን ሆነ?» እታለም ቦርሳዋን ጥላ እየሮጠች መጣች። «ድምቢጥ! ምን ሆነ?»

ድምቢጥ አፏን ስትከፍት እውነቱ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እዚሁ ነበርኩ። በድንገት ነው የተነቀለው… ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን…»

እታለም ጎማውንም ማጠራቀሚያውንም አላየችም። የድምቢጥን ፊት በሁለት እጆቿ ይዛ አገላብጣ መረመረችው። «ዓይንሽ ውስጥ አልገባም? የት መታሽ? ተናገሪ እንጂ!» ምንም እንዳልሆነች ስታውቅ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። «የኔ ጥፋት ነው። ያንን ማብሪያ ሳልገጥም ማስነሳት አልነበረብኝም። አንቺን ቢመታሽ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ድምቢጥ በእህቷ ትከሻ ላይ አገጯን አሳርፋ ቦዩን ታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መሪ መጡ። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ከጡረታ በኋላ ከቁልቁለቱ ግርጌ በገዛ እጃቸው ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ያረባሉ። የሰፈሩ ሕፃናት ማለዳ ማለዳ እየሄዱ ዓሦቹን ሲመግቡ ቆመው ያያሉ። ድምቢጥም ትንሽ ሳለች እዚያ ነበር የምትውለው።

«ኑና እዩልኝ» አሉ ብቻ።

አባቷ፣ እታለምና ድምቢጥ ተከትለዋቸው ወረዱ። ኩሬው ላይ ብርማ ሆዶች ተንሳፍፈዋል፤ ትልልቁም ትንንሹም። ጥቂቶች ዳር ላይ አፋቸውን ከውሃው አውጥተው አየር ይለምናሉ። ሽታው ከበረቱ ሽታ የተለየ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ነበር።

«አሞኒያው ነው» አለች እታለም። «ጋሼ፣ ምን ብዬ… ምን ልበልዎት?»

ጋሽ መሪ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ምን ትያለሽ፣ ልጄ? መኪና ነድቼ ነው ያረጀሁት፤ ፍሬን ይበጠሳል። ፍሬን ተበጠሰ ብሎ መኪና የሚሰድብ ሰው አላየሁም።» ትንሽ ሊስቁ ሞከሩ። «መሪ ጥሎ የወረደ ሹፌር ቢሆን ኖሮ ግን አንገቱን ነበር የማንቀው!» ከዚያ ወደ ድምቢጥ ዞሩ። «አንቺስ፣ የኔ ልጅ? ደነገጥሽ አሉ። አይዞሽ።»

ድምቢጥ አንገቷን ደፋች። አባቷ አካፋ አንስቶ ከኩሬው ዳር ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲቀብሩ ዋሉ። አንዲት ትንሽ ዓሣ መዳፏ ላይ ስትንቀሳቀስ ድምቢጥ ከላይ ወዳለው የበርሜል ውሃ ሮጣ ወሰደቻት። እስክትደርስ ግን ቀጥ ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ እታለም ማሽኗን ፈታች። ወፍራሞቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ እያወጣች ሸራ ላይ ደረደረቻቸው፤ ድምቢጥ ብሎን ታቀብላታለች። እታለም አንዱን ለሁለት ሰንጥቃ ውስጡን ወደ ብርሃን አዞረች። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነገር እንደ ሊጥ ተለጥፏል። በጥፍሯ ፈቀፈቀችው።

«አጥበሻቸዋል፣ አይደል?» ስትል ጠየቀች። ጥርጣሬ አልነበረበትም ድምፅዋ፤ ሐኪም ታማሚን እንደሚጠይቅ ያለ ነበር።

አሁን መናገር ይቻል ነበር። ከሁሉም ጊዜ ይልቅ አሁን። ድምቢጥ ግን ያንን እቅፍ አሰበች፤ ጋሽ መሪ «አይዞሽ» ያሉትን አሰበች። ይሄ ሁሉ የተሰጠው እዚያ ለነበረች ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ አልነበረችም።

«አዎ» አለች።

«ቢጫው ጋ ሲደርስ?»

«አዎ። እንዲያውም ሳይደርስ።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች። «እንደዚያ ከሆነ ቱቦዎቹ ናቸው። እየታጠቡም በአንድ ቀን እንዲህ ከተደፈኑ የኛን ላሞች ፍሳሽ አይችሉትም ማለት ነው።» የተሰነጠቀውን ቱቦ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ከመነሻው።»

ድምቢጥ ያኔ አልገባትም ነበር፤ የገባት ቀን እያለፈ ሲሄድ ነው። እታለም ለማኅበሩ ደውላ እንዳይመጡ ነገረቻቸው። «ገንዘባችሁን አታውጡ፤ አይሆንም» አለቻቸው። ከላይኛው ሰፈር ላሞች የምታረባ አንዲት ሴትዮ ግን ስልኩ አላረካትም፤ እቤት ድረስ መጣች። ለማሽኑ ብላ ቦታውን አስደልድላ፣ ፍሳሹንም በጉድጓድ አቁራ ስትጠብቅ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ? ወይስ አንድ ቀን ስለተበላሸብሽ ነው?»

«እርግጠኛ ነኝ። በየጊዜው ታጥቦ ነው የተደፈነው። እህቴ ራሷ ስታጥበው ነበር የዋለችው።»

ሴትየዋ ድምቢጥን አየቻት። ድምቢጥ ወንበር ማንሳት እንዳለባት ሁሉ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከግድግዳው በስተጀርባ ሴትየዋ ስትተነፍስ ተሰማት። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ጉድጓዱ ሞልቶብኛል፤ እንደ ድሮው ወደ ወንዙ መልቀቄ ነው።»

አባቷ ስለ ማሽኗ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። ቀልዱ ግን ቀረ። ብረቱንና ቱቦዎቹን ወደ መጋዘን ሲያስገባ ሰው እንዳያየው የሚፈልግ ይመስል ፊቱን ያዞራል። እታለም ደግሞ በሌላ ከተማ ያለ የቀለም ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ አለች። ጥሩ ሥራ ነው፤ ደመወዙም ደህና ነው። ስታወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ሥራ የምታወራ ትመስል ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ድምቢጥ የቡድኑን መለያ ለብሳ ትለማመዳለች። ኳስ ወደ ላይ ስታነሳ መምህሩ ያመሰግናታል፤ ምስጋናው ግን ሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ እንደገባ ያህል ሆነባት። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ራዲዮ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁሌም የምትለፈልፈው ልጅ ለረጅም ጊዜ የጫማዋን ክር ስትፈታና ስታስር ቆየች።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች በመጨረሻ። «በሕይወቴ ያልተናገርኩት ወሬ ይሄ ብቻ ነው። ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ላመስግንሽ?»

«አይደለም! እኔ እኮ ነኝ የጠራሁሽ። አታካብጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እማዬ ስለ ዓሦቹ ስታወራ ምግብ አልበላልሽ አለኝ።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «አብሬሽ ልምጣ? ለእህትሽ አብረን እንንገራት?»

«የሄድኩት እኔ ነኝ» አለች ድምቢጥ። «አንቺ እጄን ይዘሽ አልጎተትሽኝም።»

ይህን ከአፏ ስትሰማ ራሷ ደነገጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ በልቧ ራዲዮን ስትወቅስ ነበር የኖረችው።

እቤት ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነው። እታለም መኝታ ቤት ውስጥ ልብሷን አልጋው ላይ ቆልላ ሻንጣ ትሞላለች። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ድምቢጥ ከጎኗ ቁጭ ብላ ሸሚዞቹን ታጥፍላት ጀመር።

«ምን ሆነሻል? ኮሶ የጠጣሽ መስለሻል» አለች እታለም። «ስሄድ እኮ አልጋው ለብቻሽ ሆነ። ይልቅ ደስ ይበልሽ።» አንድ ሹራብ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ታውቂያለሽ፣ የሚቆጨኝ አንቺንም ማልፋቴ ነው። ያን ሁሉ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመሽ ስታጥቢ ዋልሽ፤ እሱም አላዳነውም።»

«እታለም።»

«እ?»

«አላጠብኳቸውም።»

የእታለም እጅ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ምኑን?»

«ቱቦዎቹን። አንድ ጊዜም አላጠብኳቸውም። እዚያ አልነበርኩም።»

ውጭ አንዲት ላም ጮኸች። እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የታጠፉት ሸሚዞች ሥሯ ተጨማደዱ።

«የት ነበርሽ?»

«ኳስ ሜዳ። ምርጫው ዛሬ ሆነ ብለው ጠሩኝና… ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ፓምፑን ሳላጠፋ ሄድኩ። ስመለስ ተነቅሎ ነበር።»

«ስጠይቅሽ እኮ… ቱቦውን ይዤ ስጠይቅሽ።»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

ድምቢጥ እንባዋ መጣ፤ ግን በእንባ ማምለጥ እንደሌለባት ታወቃትና ዋጠችው። «ብትቆጪኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር መሰለኝ። አንቺ ግን አቀፍሽኝ።»

እታለም ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። ድምቢጥ ጩኸት ጠበቀች፤ ጥፊም ጠበቀች። እታለም እጆቿን ስታወርድ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው።

«እኔ ያንቺን ቃል እንደ መለኪያው መርፌ ነው የያዝኩት» አለች። «በዚያ ላይ ቆሜ ነው አይሆንም ያልኳቸው። ያቺ ሴትዮ ፍሳሹን ወደ ወንዙ የለቀቀችው በኔ ቃል ነው። የኔ ቃል ደግሞ ያንቺ ነበር።»

«መልሰን እንገጥማታለን። እኔ አግዝሻለሁ፤ በየቀኑ…»

«ቱቦዎቹ ደርቀዋል፣ ድምቢጥ። አንዴ ከረጠቡ በኋላ መድረቅ የለባቸውም፤ ከደረቁ አያገለግሉም። ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ያልተጎዱትን አጥቤ ውሃ ውስጥ አቆያቸው ነበር።» ወደ ሻንጣው አየች። «ሥራውንም ፈርሜያለሁ። ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«ትሄጃለሽ ማለት ነው?»

«እሄዳለሁ።»

ሊጠገን የሚችል ነገር ሁሉ እጇ ላይ እያለ ዝም ባለችባቸው ቀናት አልፏል። ተነስታ ልትወጣ ስትል እታለም ጠራቻት። ድምፅዋ ትንሽ ተለውጦ ነበር፤ ሸራው ላይ ቱቦውን ስትሰነጥቅ የነበራት ዓይነት ድምፅ።

«ስትሄጂ መርፌው የት ነበር?»

«አረንጓዴው ላይ።»

«አረንጓዴው መሃል ወይስ ወደ ቢጫው ተጠግቶ?»

«መሃል።»

«ስትመለሺስ?»

ድምቢጥ «ቀዩ ላይ» ልትል አፏን ከፈተች። እታለም መስማት የምትፈልገው እሱን ይመስላል፤ ደግሞም ሳይሆን አይቀርም። ግን ያን ጊዜ ዓይኗ ጎማውና ቦዩ ላይ እንጂ መለኪያው ላይ አልነበረም።

«አላየሁትም» አለች። «አጠፋሁት እንጂ መርፌውን አላየሁትም።»

«እሺ» አለች እታለም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ስልኳን አንስታ የሴትየዋን ቁጥር መፈለግ ጀመረች። «ለሴትየዋ እኔ እነግራታለሁ፤ ለማኅበሩም ሰዎች እደውልላቸዋለሁ። ለአባባ ማታ አብረን እንነግረዋለን።» ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። «ጋሽ መሪ ግን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ድምቢጥም እስክትጨርሰው አልጠበቀችም፤ በጓሮ በር ወጥታ ቁልቁለቱን ያዘች።

ጋሽ መሪ ኩሬው ዳር ነበሩ። ውሃውን አስወጥተውታል። ከጎኑ ከተቆለለው አፈር በአካፋ እየዛቁ ወደ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሞልቷል።

«መጣሽ?» አሉ ሲያይዋት። «ይኸው እየደፈንኩት ነው። ከእንግዲህ ዓሣ የማሳደግ ጉልበቱም የለኝም። ሽንኩርት ልተክልበት።»

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ንገሪኛ።» አሁንም አንድ አካፋ አፈር ጨመሩ።

«አካፋውን አንዴ ያስቀምጡት።»

ጋሽ መሪ ቀና ብለው ፊቷን አዩት። አካፋውን አፈሩ ላይ ሰክተው በላዩ ተደገፉ። ድምቢጥ እጆቿን ወደ ኋላዋ ልትደብቅ ፈለገች፤ ከዚያ ተወችውና ወደ ጎኗ ለቀቀቻቸው። ከኳስ ሜዳው አልጀመረችም፤ ራዲዮንም አላነሳች። ከፓምፑ ጀመረች።